87.9 በደሴና በኮምቦልቻ፦ መሰማቱስ ይሰማል፤ መልሱስ?

ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ይዘረጋልና በደሴና በኮምቦልቻ የሚሰማው የሬዲዮ ጣቢያ 87.9 ከመደወያው ግርጌ ነው የሚገኘው። ጣቢያው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ነው፤ ብዙ ሰው ዛሬም «አብመድ» እያለ የሚጠራው፣ አሁን «አሚኮ» የተባለው ድርጅት። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር፣ ተጠሪነቱም ለክልሉ ምክር ቤት ነው። ነጋዴ ያቋቋመው ጣቢያ ቢሆን ኖሮ ዘፈኑ ካልጣመን ወደ ሌላው አዙረን ነገሩ ያበቃ ነበር። ይህ ግን በግብር ከፋዩ ገንዘብ ስለሚኖር የደሴውም የኮምቦልቻውም ነዋሪ ባለቤት ነው፤ ባለቤት ደግሞ የሚጠይቀው ነገር አለው።

የሕዝብ ጣቢያን ስንገመግም የያዝነው ዋና ጥያቄ ይህ ነው፦ ከቀበሌ የተነሳ አቤቱታ አየር ላይ ከዋለ በኋላ መልስ ይዞ ይመለሳል ወይ? የአቅራቢው ድምፅ፣ የመግቢያው ሙዚቃ፣ የበዓል ዝግጅቱ ድምቀት ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ስለዚህ ነዋሪው ማይክ ፊት መቅረቡ መብቱ እንጂ የአዘጋጁ ቸርነት አይደለም።

አስቀድሞ ግን ጣቢያው መሰማት አለበት፤ እዚህ ላይ የወሎ መልክዓ ምድር ያስቸግራል። ኤፍ ኤም እንደ አጭር ሞገድ ከሰማይ ተንጸባርቆ ሩቅ አገር አይደርስም፤ የማሰራጫውና የተቀባዩ አንቴና ቢተያዩለት ነው የሚወደው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በኮረብታ ተከብባ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ቦርከና ሸለቆ ውስጥ ነች። መካከላቸው ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ሐረጎን በመኪና ሲወርዱ ድምፁ በየመታጠፊያው ቢጠፋና ቢመለስ ሬዲዮው ተበላሽቶ አይደለም፤ ተራራው ሞገዱን እየጋረደው ነው።

ደሴ ከተማ ውስጥ ያለው ችግር የተለየ ነው። ሞገዱ በቀጥታ ከመድረሱም ሌላ ከዙሪያው ኮረብታ ተንጸባርቆ ጥቂት ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ ሲጋጩ ንግግሩ ይሻክራል፣ ሙዚቃው ይሰነጣጠቃል። ብዙ ሰው ያኔ ድምፅ ይጨምራል፤ ያ ሻካራውን ጭምር ማጉላት ነው። የ87.9 የሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ያህል ስለሆነ ሬዲዮውን ሩብ ሞገድ፣ ማለትም 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ማዛወር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከመደርደሪያው ወደ መስኮቱ ደፍ እንደማለት ነው። የሚሳበው አንቴናም ለዚህ ጣቢያ ልኩ ያው 85 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የስቴሪዮና የሞኖ (የሁለት ጎንና የአንድ ጎን ድምፅ) ማብሪያ ያለው ሬዲዮ ከሆነ ሞኖ ላይ ያድርጉት፤ ከጀርባ የሚሰማው ሽሽታ፣ ያ ሽ... የሚለው ድምፅ፣ ይቀንሳል። ዜናና ውይይት በስቴሪዮ የሚያተርፉት ነገር የለም።

በግንብ ቤት ወይም በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ለሚያዳምጡ፣ በተለይ ኮምቦልቻ ላይ፣ በጥቂት ብር የሚሠራ አንቴና አለ። ሁለት ሽቦው ጎን ለጎን የተጣበቀ ቀጭን የመብራት ገመድ ይግዙ። ጫፉን 81 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰንጥቀው ሁለቱን ክንዶች ወደ ግራና ቀኝ ይዘርጉ፤ ሳይሰነጠቅ የቀረውን ገመድ ወደ ሬዲዮው የአንቴና መግቢያ ያምጡት። ክንዶቹ ማሰራጫው ወዳለበት አቅጣጫ ጎናቸውን ያሳዩ እንጂ ጫፋቸውን አያሳዩ። አግድም ተሰቅሎ ካልያዘ ቁልቁል ይሞክሩት። ገመዱ ከመብራት መስመር ጋር እንዳይነካካ፣ ነጎድጓድ ሲኖርም እንዲነቀል። ይኸው ነው።

በስልክ የሚሰማ ሰው ባለገመድ ማዳመጫ ያስፈልገዋል፤ የስልኩ ኤፍ ኤም እንደ አንቴና የሚጠቀመው ያንኑ ገመድ ነውና። ብሉቱዝ ማዳመጫ ይህን አይሠራም። ስልኩ የውስጥ ኤፍ ኤም ከሌለው በኢንተርኔት ማዳመጥ ይቻላል፤ ግን ዳታ ይበላል፣ ዳታ ሲቋረጥም አብሮ ይቋረጣል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት በተዘጋበት ጊዜ ተራው የባትሪ ድንጋይ ሬዲዮ ዋጋው እንደገና ታይቷል። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ በተያዙበት ወቅትም መብራትና ስልክ ሲጠፉ ወሬ ከውጭ ሊገባ የሚችለው በሞገድ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አንድ ሬዲዮ ቢኖረው እንላለን፤ ይህን የምንለው ከልባችን ነው።

የመኪና ሬዲዮ ላይ ሹፌሮች የሚያማርሩበት ነገር አለ፤ ምክንያቱ ሲታወቅ ግን ቀላል ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ መኪኖች ሬዲዮ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። በዚህ የተነሳ 87.9 ያለ ምንም መሣሪያ ይያዛል፤ ሌላው የደሴ ጣቢያ፣ የፋናው 96.0፣ ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ሹፌሩ 96.0ን ፍለጋ ኤክስፓንደር፣ ማለትም ጣቢያዎችን መደወያው ወደሚደርስበት ቁጥር የሚያወርድ መሣሪያ፣ ያስገጥማል። ኤክስፓንደሩ ሁሉንም ጣቢያ በ12 ሜጋኸርዝ ዝቅ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ 96.0 በ84.0 ላይ ይገኛል፤ 87.9 ግን 75.9 ላይ ይወድቅና መደወያው አይደርስበትም። አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ያጣል ማለት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ስንት ሜጋኸርዝ እንደሚያወርድ ሻጩን ይጠይቁ፤ 10 የሚያወርደው 87.9ን በ77.9፣ 96.0ን በ86.0 ያመጣልና ሁለቱም ይሰማሉ።

ድምፅ ሲጠፋ ችግሩ የት እንደሆነ ቤትዎ ተቀምጠው መለየት ይችላሉ። ሬዲዮው ሽ... እያለ ከጮኸ ሞገዱ ራሱ የለም፤ ማሰራጫው ቆሟል ወይም እርስዎ ያሉበት ቦታ ተጋርዷል። ሽሽታ ሳይኖር ጸጥ ካለ ደግሞ ማሰራጫው እየሠራ ነው፤ የተቋረጠው ከስቱዲዮ ወደ ማሰራጫው ድምፅ የሚወስደው መስመር ነው፣ አለዚያም ስቱዲዮው መብራት አጥቷል። ወደ ጣቢያው ሲደውሉ «ጠፍቷል» ከማለት «ጸጥ ብሏል» ወይም «ይጮኻል» ብለው ከነሰዓቱና ከነሰፈሩ ቢናገሩ ቴክኒሻኑ የትኛውን ጄኔሬተር ሊያይ እንደሚሄድ ያውቃል። ስቱዲዮና ማሰራጫ አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ቦታ ስለሚሆኑ መብራትም ለየብቻ ነው የሚጠፋባቸው።

ስለ ኮርፖሬሽኑ ቴሌቪዥንም አጭር ነገር። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት፣ ከተዛወሩ ወዲህ ለደሴ ሰው ነገሩ ቀንቷል። ናይልሳት ከደሴ ሲታይ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው፤ ጦሳ ያለው ደግሞ በዚያው በምዕራብ ነው። ኢትዮሳት ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ሲቆጠር 122 ዲግሪ አካባቢ፣ 66 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ሳህኑ ይበልጥ ሽቅብ ያያል፤ ተራራ አይከልለውም። ጉዳቱ በክረምት ነው፤ ሽቅብ ያየ ሳህን ውኃና በረዶ ሊያቁር ይችላል። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ይበቃል።

ወደ አስተዳደሩ እንምጣ። የክልል ጣቢያ በዋናነት በሁለት ኪስ ይኖራል፤ ምክር ቤቱ ከሚያጸድቀው በጀትና ከማስታወቂያ። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። የማሰራጫው የኃይል ማጉያ ክፍል በግንቦት ቢቃጠል መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ግዢውም በጨረታ የሚሄድ ነው፤ የዘንድሮው በጀት ሊዘጋ፣ የመጪው ገና ሊለቀቅ ነው። ጣቢያው ያኔ በተቀነሰ ኃይል ሊሠራ ይችላል። ኃይል ሲቀነስ መጀመሪያ የሚጎዳው ከማሰራጫው ራቅ ያለውና ተራራ የከለለው ነው፤ መሀል ከተማ ላይ ለውጡ ላይታወቅ ይችላል። እዚህ ላይ አስተያየታችን ግልጽ ነው፤ ትርፍ የማጉያ ክፍል ከአዲስ ካሜራና ከአዲስ ስቱዲዮ መጋረጃ በፊት መገዛት አለበት።

የማስታወቂያው ኪስ በ2011 አንድ ትልቅ ደንበኛ አጥቷል። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ለጤና የተደረገ ነው፣ እንደግፈዋለን። ነገር ግን ኮምቦልቻን የመሰለ ቢራ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ላይ የተፈጠረውን ክፍተት ምን እንደሚሞላው ማየት ያስፈልጋል። በክልል ጣቢያዎች ዘንድ የተለመደው መሙያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚገዙት የአየር ሰዓት ነው። ጤና ቢሮው፣ ገቢዎቹ፣ ግብርናው፣ ከተማ አስተዳደሩ ፕሮግራም ይገዛሉ። ችግሩ እዚህ ይጀምራል፤ ማክሰኞ የአየር ሰዓት የገዛውን ቢሮ አዘጋጁ ሐሙስ ዕለት በቀጥታ ስርጭት እንዴት አድርጎ ያፋጥጠዋል? መፍትሔው የተገዛው ሰዓት ሲጀመርም ሲያልቅም «ይህ ዝግጅት የቀረበው በእገሌ መሥሪያ ቤት ወጪ ነው» ተብሎ መነገሩ፣ የተገዛውን የሚያዘጋጀውና ቅሬታ የሚቀበለው ሰውም የተለያየ መሆኑ ነው። አድማጩ የተከፈለበትንና ያልተከፈለበትን መለየት ካልቻለ ሁለቱንም ማመን ያቆማል።

ሌላው ርቀት ነው። ከደሴ ባሕር ዳር በመንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማዕከላዊ ዜና ከዚያ መምጣቱ ተገቢ ነው፤ የክልል ጉዳይ የክልል ነው። የአካባቢ ጣቢያ ዋጋው ግን ከማዕከል የማይመጣው ላይ ነው። በክረምት ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ፣ ደሴን ደጋግሞ የሚያስፈራት የመሬት መንሸራተት፣ ሐረጎ ላይ የተጋደመ የጭነት መኪና፣ ኮምቦልቻ ላይ የተለወጠ የፋብሪካ ሰርቪስ ሰዓት ሁሉ ባሕር ዳር እስኪፈቅድ የሚጠብቁ አይደሉም። ጥሩ አሠራር ያለው የአካባቢ ጣቢያ ለድንገተኛ ማስጠንቀቂያ ከማዕከል የሚመጣውን ስርጭት ራሱ ማቋረጥ የሚችል፣ ስሙና ስልኩ የሚታወቅ ተረኛ አርታኢ ሌሊትም ያስቀምጣል። ተረኛው ማስጠንቀቂያውን ከማሰማቱ በፊት የሚያረጋግጥባቸው ሁለት ምንጮች ከክረምቱ በፊት ተለይተው ይታወቃሉ፤ አንደኛው የከተማው የአደጋ ሥጋት ኃላፊ፣ ሁለተኛው ቦታው ላይ ያለ የቀበሌ ሰው። ጎርፍ ወርዶ ስልክ ቁጥር መፈለግ ዋጋ የለውም።

ዜናው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ የሚባክነው እዚህ ነው። የክልል ጣቢያዎች የተለመደ ድክመት የስብሰባ ዜና ነው። ዘጋቢው መኪና የሚያገኘው የጋበዘው መሥሪያ ቤት ሲልክለት ነው። ስብሰባው ላይ የመክፈቻ ንግግር ይቀዳል፣ ከተሳታፊ አንድ ምስጋና ይቀዳል፣ ከሰዓት በፊት ተጽፎ «ተገለጸ» ተብሎ ይነበባል። ዘጋቢው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የነዳጅ በጀትና መኪና ካልተሰጠው በእግሩ የሚደርስበት የከተማው አዳራሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣቢያን ስንገመግም «ዘጋቢዎቹ በሳምንት ስንት ቀን ጋባዥ በሌለበት ይወጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም የጥራት ሰርተፍኬት ይበልጣል።

አድማጭም ራሱ መለካት ይችላል። ለአንድ ሳምንት የጠዋቱን የአካባቢ ዜና ሲሰሙ ወረቀት ይያዙ። በየዜናው መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ የኃላፊ ነው ወይስ የነዋሪ? የተጠራው ቦታ «በዞኑ» ነው ወይስ ሆጤ፣ ገራዶ፣ ሰኞ ገበያ ተብሎ በሰፈር ስም ተለይቷል? ቁጥር ሲነገር ከምን ተነስቶ ምን እንደደረሰ ተብራርቷል? «የመንገዱ ሥራ 85 በመቶ ደርሷል» የሚል ዜና መቼ እንደተጀመረ፣ መቼ ያልቃል ተብሎ ውል እንደተገባና የቀረው 15 በመቶ ድልድዩ ይሁን ቀለሙ ካልተነገረ ለመንገደኛው አንዳች አይጠቅመውም። ውኃ ፈረቃ ላይም እንዲሁ ነው። «ኅብረተሰቡ በትዕግሥት እንዲጠብቅ» ከሚል ዜና ይልቅ የትኛው ሰፈር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ለምን፣ መስመሩ እንደተመለሰ የመጀመሪያው ውኃ ለምን ያህል ጊዜ መፍሰስ እንዳለበት የሚናገር ሠላሳ ሴኮንድ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ስልክ መስመሩ። የቀጥታ ውይይት ሲካሄድ ከአድማጩ የማይታይ ሥራ አለ። አንድ ሰው ስልክ ያነሳል፣ ስምና ቀበሌ ይጠይቃል፣ ጉዳዩን በአንድ መስመር ጽፎ ለአቅራቢው ያቀብላል። ሚክሰሩ (የድምፅ ማቀላቀያው) ላይ ያለው ቴክኒሻን የደዋዩን ድምፅ ከስቱዲዮው ጋር ያመጣጥናል። ደዋዩ ሬዲዮውን ከፍቶ ከደወለ የራሱ ድምፅ ተመልሶ ይገባና ማስተጋባት ይፈጥራል፤ «ሬዲዮዎን ይቀንሱልን» የሚባለው ለዚህ ነው። ስርጭቱን ጥቂት ሴኮንድ የሚያዘገይ መሣሪያ ያለው ጣቢያ ስድብ ወይም ብሔርን የሚያንቋሽሽ ቃል ሲመጣ በአንድ ቁልፍ ያስቀረዋል። መሣሪያው የሌለው ጣቢያ ፈርቶ ወይ ደዋይ ይመርጣል ወይ መስመሩን ይዘጋል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው የ2012 አዋጅ 1185 ከወጣ በኋላ ይህ ፍርሃት ጨምሯል። ስለዚህ ማዘግያው እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም፤ ሰው እንዲናገር የሚያስችለው እሱ ነው።

ደዋይም ዝግጅት አለበት። አየር ላይ የሚያገኙት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። ሰላምታውን አሳጥረው ችግሩ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በየትኛው ቀበሌና ሰፈር፣ ስንት አባወራን እንደነካ፣ ወደ የትኛው ቢሮ በስንት ቀን እንደሄዱና ምን እንደተባሉ፣ አሁን የሚፈልጉት ምን እንደሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ይናገሩ። የደብዳቤ ቁጥር ካለ ያንብቡት። «ብዙ ጊዜ ተመላልሰናል» የሚል ደዋይ በ«እናጣራለን» ይሸኛል፤ ቀንና ቁጥር የያዘውን መሸኘት ይከብዳል። የኃላፊውን ስም አንስቶ መዝለፍ ግን ጉዳዩን ያበላሻል፤ የሚቀጥለው ሰዓት ስለ ስድቡ ይሆናል።

ከዚያስ? የክልል የሕዝብ ጣቢያ ሰንሰለት አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ከዚህ በኋላ ነው። ደዋዩ ተናገረ፣ እንግዳው ኃላፊ «በአጭር ጊዜ እንፈታለን» አለ፣ ሙዚቃ ገባ፣ የሚቀጥለው ሳምንት አዘጋጅ ሌላ ሰው ነው፤ ጉዳዩን ማን ይከታተለው? ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ፈረቃው ይቀያየራል፣ የተጻፈ ነገር አይተላለፍም፣ የቢሮው ኮሙኒኬሽን ሠራተኛ «ኃላፊው መስክ ናቸው» ሲል መልስ እንደተሰጠ ይቆጠራል። የሚያስፈልገው አንድ የክትትል መዝገብ ነው። ቀኑ፣ ጥያቄው፣ የተጠየቀው መሥሪያ ቤት፣ አየር ላይ የተገባው ቀነ ገደብ፣ በዚያ ቀን የተገኘው ነገር። አቅራቢው «በአጭር ጊዜ» የሚለውን ተቀብሎ አይለፍ፤ «በየትኛው ቀን?» ብሎ ያስፍር። ቀኑ ሲደርስ ፕሮግራሙ የሚከፈተው በአዲስ ጥያቄ ሳይሆን ከዚያ መዝገብ ሦስት ወይም አራት ጉዳዮችን በማንሳት ይሁን። ያልተመለሰም «አልተመለሰም» ተብሎ ከነመሥሪያ ቤቱ ይነበብ። ቢሮዎች ይህን ሲለምዱ ወደ ስቱዲዮ የሚመጡት ተዘጋጅተው ነው።

ጋዜጠኛው እጁ ባዶ አይደለም። የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል። ጥያቄውን በቃል ከማቅረብ በጽሑፍ አስገብቶ ቀኑን ማስመዝገብ ነው። በ31ኛው ቀን «ጠይቀን፣ የሕጉ ጊዜ አልፎ፣ መልስ አላገኘንም» ማለት ዜና ነው፤ የሚያጣላም አይደለም።

ትንንሾቹ አገልግሎቶች ላይ ጣቢያው የሚወደድበት ምክንያት አለ፤ የጠፋ ሰው፣ የወደቀ ሰነድ፣ የሐዘን ጥሪ፣ የደም ልገሳ። እነዚህ ላይ የሚያበላሸው የጽሑፉ ርዝመት ነው። በ30 ሴኮንድ ረጋ ብሎ የሚነበበው 50 ቃል አካባቢ ነው። የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ሲጽፉ በ«ውድ አድማጮቻችን» አይጀምሩ፤ ዕድሜው፣ የለበሰው ልብስ ከነቀለሙ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታና ሰዓት፣ መለያ ምልክቱ፣ ከዚያ ስልክ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ። ሰዓት ሲጽፉ «ጠዋት» ወይም «ማታ» አይርሱ። ሰነድ ከጠፋ የሰነዱን ሙሉ ቁጥር አየር ላይ ማስነበብ አያስፈልግም፤ የመጨረሻዎቹን አሃዞች ይተዉ፤ አገኘሁ የሚለውን ሰው ማረጋገጫ ይሆኑዎታል።

የገበያ ዋጋ ሌላው የሚጠበቅ ነገር ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ከደጋውም ከቆላውም፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው የሚገናኝበት። ሰኞ የተሸጠው የከብት ዋጋ ማክሰኞ ጠዋት ቢነገር ሐሙስ ዕለት በሬ ይዞ የሚወጣው ገበሬ ለደላላ አይጋለጥም። ግን «በሬ ከዚህ እስከዚህ» የሚል ስፋቱ የበዛ ዋጋ አይረዳም። የሥጋው ይሁን የእርሻው፣ ስንት ጥርስ የጣለ፣ የሰባ ይሁን ያልሰባ ተለይቶ ይነገር። እህልም በኩንታል ይሁን በኪሎ፣ ነጭ ጤፍ ይሁን ሠርገኛ አብሮ ካልተባለ ቁጥሩ ጆሮ ሞልቶ ያልፋል። ኮርፖሬሽኑ ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛ፣ በኽምጣኛና በአዊኛም ያሰራጫል፤ ለከሚሴና ለባቲ ሰው የገበያው ዋጋ በኦሮምኛም ቢደገም ደቂቃ የማይፈጅ ትልቅ ነገር ነው።

ባህሉ ላይ ከሌላው ሁሉ በላይ የሚያሳስበን ቀረጻው ነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው። መንዙማውም በረመዳንና በመውሊድ ከዚህ ምድር የሚሰማው በየመስጊዱና በየቤቱ የሚኖር ሀብት ነው። ጣቢያ ቀርጾ ያሰማል፤ ከዚያ ፋይሉ «አዲስ 3» በሚል ስም ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል። ዲስኩ ሲበላሽ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። እያንዳንዱ ቀረጻ የተጫዋቹ ስም፣ ቅኝቱ ወይም ዓይነቱ፣ የተቀረጸበት ቦታና ቀን፣ ፈቃድ መሰጠቱ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ አንድ ቅጂም ከከተማ ውጭ ቢኖር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቅጂ ከከተማ ውጭ ማስቀመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ የ2014ን ኅዳር ላየ ከተማ ማስረዳት አያሻም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ከጣቢያው ጋር ቢዋዋሉ ለሁለቱም ይበጃል።

ታዲያ ውጤቱ? ለመስማት ደህና ነው፤ ሞገዱ ከግርጌ መሆኑ ለአሮጌው የጃፓን መኪና ሳይቀር የተመቸ ነው። ለማሳወቅና ለማገናኘት በቦታው የሚተካው የለም። ለመመለስ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል፤ የሚቀረው ደግሞ በአብዛኛው ገንዘብ የማይጠይቅ፣ መዝገብ ይዞ ቀን የመቁጠር ሥራ ነው። የክልሉ ምክር ቤት አባላትም የኮርፖሬሽኑን ሪፖርት ሲሰሙ «ስንት ሰዓት አሰራጫችሁ» ከሚሉ «አየር ላይ ከዋሉት ጥያቄዎች ስንቱ ተመለሰ» ቢሉ ወደ ደሴ የሚወርደው ትእዛዝ ይለወጣል።

በስህተት ስምዎ ከተነሳ ወይም የተዛባ ነገር ከተላለፈ መንገዱ ይህ ነው። በዚያው ቀን የፕሮግራሙን ስም፣ ሰዓቱን እስከ ደቂቃው፣ የተባለውን ቃል በቃል ይጻፉ፤ ጣቢያ ቅጂ ለዘለዓለም አያስቀምጥምና ሳይዘገዩ ቀረጻው እንዲጠበቅ በጽሑፍ ይጠይቁ። ማመልከቻውን በመጀመሪያ ለደሴው ቅርንጫፍ፣ ግልባጩን ለባሕር ዳሩ ዋና መሥሪያ ቤት ያድርጉ፤ እርማት ይሁን መልስ የመስጠት ዕድል የሚፈልጉትን ለይተው፣ በየትኛው ፕሮግራምና ሰዓት እንዲነገር እንደሚፈልጉ ይጥቀሱ። በሌሊት የተነገረ እርማት ጠዋት የሰማውን ሰው አያገኘውም። አጥጋቢ መልስ ካጡ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 መሠረት ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ዘንድ ይቀርባሉ። እዚያ ሲሄዱ የሚጠየቁት ጣቢያውን አስቀድመው መጠየቅዎን ነው፤ ስለዚህ ለቅርንጫፉ ያስገቡት ማመልከቻ ግልባጭ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳያስመቱ ከመዝገብ ቤቱ እንዳይወጡ።